የአንድ ክሊክ ዋጋ የሚተመነው በእናንተ መዝገብ ነው

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን የንግድ ባለቤቶች የቀረበ ዲስኩር



 በዚህ አዳራሽ ውስጥ ምግብ ቤት ያለው አለ፣ ሊሞ የሚያሠራ አለ፣ የሕፃናት ማቆያ የከፈተች አለች፣ የታክስ ሥራ የሚሠራ አለ፣ አዛውንቶችን በቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት የምትመራም አለች። ሥራችሁ ይለያይ እንጂ ይዛችሁት የመጣችሁት ጥያቄ ተቀራራቢ ነው፦ "ጎግል ላይ ማስታወቂያ ከፍዬ ነበር፤ ገንዘቡ ሄዷል፤ ደንበኛው ግን የታለ?"

አንዳንዱ መልሱን ከማስታወቂያው ጽሑፍ ይፈልጋል። ሌላው "ጥሩ ባለሙያ ስላልያዝኩ ነው" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ "ጎግል ሌባ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው እውነት ይኖራቸው ይሆናል። እኔ ዛሬ የምከራከረው ግን ለሌላ ነገር ነው። በፍለጋ ማስታወቂያ ማትረፍም ሆነ መክሰር በአብዛኛው የሚወሰነው ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት ነው። ጎግል የሚያውቀው ሌሎች ነጋዴዎች ለአንድ ክሊክ ስንት እንደሚከፍሉ ነው። ያ ክሊክ ለእናንተ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ግን የእናንተ የሂሳብ መዝገብ ብቻ ነው። ኪስ የሚያራቁተው እነዚህን ሁለት ዋጋዎች ማምታታት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከአመጣጡ ልጀምር። ዓመቶቹን የምጠራው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው። በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢል ግሮስ የተባለ ሥራ ፈጣሪ ጎቱ ዶት ኮም የሚባል የመፈለጊያ ድረ ገጽ ከፈተ። እስከዚያ ድረስ የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚሸጠው በአብዛኛው በእይታ ነበር፤ ሺህ ሰው አየው ተብሎ ይከፈላል፤ ያየው ሰው ይፈልገው አይፈልገው የሻጩ ጉዳይ አልነበረም። ግሮስ ይህን ገለበጠው። ነጋዴው የሚከፍለው ሰው ማስታወቂያውን ተጭኖ ድረ ገጹ ድረስ ሲመጣለት ብቻ ሆነ፤ ማን ከላይ እንደሚቀመጥም በጨረታ ተወሰነ። እያንዳንዱ ተጫራች የሰጠው ዋጋም ከማስታወቂያው ጎን በግልጽ ይታይ ነበር። ድርጅቱ በ2001 ስሙን ኦቨርቹር ብሎ ለወጠ፤ በ2003 ያሁ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው።

ጎግል በበኩሉ አድወርድስ ያለውን አገልግሎት በጥቅምት 2000 ሲጀምር 350 ያህል አስተዋዋቂዎች ነበሩት፤ ያኔ የሚያስከፍለውም በእይታ ነበር። በ2002 ወደ ክሊክ ጨረታ ዞረ። ሲዞር ግን ከግሮስ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ጨመረበት። ቦታ የሚገኘው በገንዘብ ብቻ መሆኑ ቀረና ሰዎች ማስታወቂያውን ምን ያህል ይጫኑታል የሚለውም አብሮ ተቆጠረ። ዛሬ ጎግል አድስ የምንለው ይኸው ነው፤ ስሙ የተለወጠው በ2018 ነው።

ይህ ጭማሪ ለትንሽ ነጋዴ ትልቅ ነገር ስለሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ትክክለኛው ቀመር ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ ፈላጊው ያለበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ የያዘው መሣሪያ ሁሉ ይገባበታል። አጥንቱ ግን ይህ ነው። አንደኛው ተጫራች ለአንድ ክሊክ እስከ 8 ዶላር እከፍላለሁ አለ፤ የማስታወቂያው ጥራት 4 ነው እንበል። ሁለተኛው ያቀረበው 5 ዶላር ብቻ ነው፤ ጥራቱ ግን 8 ነው። ሲባዛ የመጀመሪያው 32፣ የሁለተኛው 40 ይመጣል። ከላይ የሚቀመጠው ባለ 5 ዶላሩ ነው። የሚከፍለውም 5ቱን ሙሉ አይደለም፤ ከበታቹ ያለውን ለመብለጥ የሚበቃውን ነው። 32ን ለ8 ስናካፍል 4 ዶላር፤ ከዚያች ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ይከፍላል ማለት ነው።

ጥራት የሚባለው ሦስት ነገር ነው፦ ሰው ማስታወቂያውን ይጫነዋል ወይ፣ ጽሑፉ ከተፈለገው ነገር ጋር ይገጥማል ወይ፣ ሲጫኑት የሚከፈተው ገጽ የፈለጉትን ይሰጣል ወይ። ጎግል ይህን ማስታወቂያችሁ እንዲወጣበት ለመረጣችሁት እያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ከ1 እስከ 10 እየመዘነ ያሳያችኋል። ከኤርፖርት የሚወስደው መኪና የፈለገን ሰው ስለ ድርጅቱ አመሠራረት የሚተርክ ገጽ ላይ የሚጥል ማስታወቂያ ጥራቱ ይወርዳል፣ ዋጋው ይወጣል። ያ ሰው የሚፈልገው ዋጋውን፣ ስልክ ቁጥሩንና "አሁን መኪና አለ ወይ?" ለሚለው ጥያቄው መልስ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። መርካቶ በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ከማስጫኑ በፊት ስንት እንደሚሸጠው አስልቶ ጨርሷል። ሻጩ "ሌሎች በዚህ ዋጋ እየወሰዱት ነው" ቢለው "እኔን አያዋጣኝም" ብሎ ይሄዳል። ክሊክም በጅምላ የሚገዛ ሸቀጥ ነው። ይህንን እየረሳን ነው ጎግል "ለዚህ ቃል የተለመደው ዋጋ ይህ ነው" ሲለን ከፍለን የምንገባው።

ምሳሌዬን ከሊሞ ሥራ ልውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት ብዬ የመረጥኳቸው ስለሆኑ በራሳችሁ ቁጥር ተኳቸው። ከቤተስዳ ደለስ ኤርፖርት ለአንድ ጉዞ 90 ዶላር ታስከፍላላችሁ። የሹፌሩ፣ የነዳጁ፣ የቶሉ፣ የኢንሹራንሱ፣ የመኪናው እርጅናና የክሬዲት ካርዱ ሲነሳ 30 ዶላር ይተርፋል። ማስታወቂያችሁን 100 ሰዎች ተጫኑት፤ 8ቱ መኪና ያዙ። ስምንት ጊዜ 30፣ 240 ዶላር። ለመቶ ሲካፈል 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም። የአንድ ክሊክ ዋጋችሁ ይህ ነው። በ2.40 ከገዛችሁት አላተረፋችሁም፣ አልከሰራችሁም። ከዚያ በታች ትርፍ፣ ከዚያ በላይ ኪሳራ ነው።

ገበያው ደግሞ ያንኑ ክሊክ በ4 ዶላር ይሸጠዋል እንበል። መቶው ክሊክ 400 ዶላር ወጣበት። በወሩ መጨረሻ የማስታወቂያውን ሪፖርት ስትከፍቱ "ወጪ 400፣ የሽያጭ ዋጋ 720" ይላችኋል። ስምንት ጉዞ በ90 ሂሳብ 720 ነውና አልዋሸም። ባለቤቱ ይህን ያያል፣ "ገንዘቤን በእጥፍ ሊመልስ ምን ቀረው?" ይላል፣ በጀቱን እጥፍ ያደርጋል። መዝገቡ ላይ ግን 240 ገብቶ 400 ወጥቷል። 160 ዶላር ጎድሏል ማለት ነው። በጀቱን እጥፍ ሲያደርግ እጥፍ ያደረገው ጉድለቱን ነው። ሪፖርቱ የሚያሳየው ሽያጭን ነው፤ የሹፌራችሁን ደሞዝ፣ የቶላችሁን ክፍያ ከየት ያውቀዋል?

ታዲያ በ2.40 እና በ4 መካከል ያለው ክፍተት በምን ይሞላል? መንገዱ ሦስት ነው። የክሊኩን ዋጋ ማውረድ፣ ከአንድ ሽያጭ የሚተርፈውን ማሳደግ፣ ወይም ከመቶ ጠቅታ የሚገዛውን ሰው ቁጥር መጨመር። ሰው ሁሉ የሚሯሯጠው ወደ መጀመሪያው ነው። እኔ ደግሞ ቅድሚያውን ለሦስተኛው እሰጣለሁ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሰውዬው ከአውሮፕላን ወርዶ ሻንጣውን ይዞ ነው የሚደውለው። ስልኩ አራቴ ጮሆ ወደ ድምፅ መልእክት ከገባ መልእክት አይተውም፤ ቀጥሎ ወዳለው ቁጥር ይደውላል። ለዚያች ላልተነሳች ጥሪ 4 ዶላር ከፍላችኋል። ሹፌሩ ራሱ መሪ ይዞ ስልክ ተቀባይ በሆነበት ቤት ይህ በቀን ስንቴ ይደርሳል? አሁን ስልኩን የሚያነሳ ሰው ተገኘ፣ ዋጋው ገጹ ላይ በግልጽ ተጻፈ፣ ማስታወቂያውም ስልክ በማይነሳባቸው ሰዓታት እንዳይታይ ተደረገ እንበል። ከመቶው ገዢ ከ8 ወደ 14 ቢያድግ፣ 14 ጊዜ 30፣ 420 ዶላር። የአንድ ክሊክ ዋጋ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም ደረሰ። ማስታወቂያው ላይ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ኪሳራው ወደ ትርፍ ዞረ። ስልክ ለሚቀበለው ሰው የምትከፍሉትን ከዚህ ላይ ቀንሱ እንጂ፣ መንገዱ ይህ ነው።

"ደንበኛው እኮ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱስ አይቆጠርም?" የሚል ይኖራል። ይቆጠራል። ከስምንቱ ሦስቱ በዓመት ስድስት ስድስት ጊዜ ቢመለሱ 18 ጉዞ፣ 540 ዶላር ተጨማሪ ነው። ከመጀመሪያው 240 ጋር 780፤ ክሊኩ 7 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሊያወጣ ነው። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ጎግል የሚያስከፍላችሁ ዛሬ ነው፤ ያ 540 ዶላር የሚገባው በዓመት ውስጥ ተንጠባጥቦ ነው። እስከዚያ የሚያቆያችሁ ገንዘብ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ሦስቱ ስለመመለሳቸው ማስረጃችሁ ምንድን ነው? ያለፈውን ዓመት መዝገብ ገልጣችሁ ስማቸውን ካገኛችሁ ቁጠሩት። ካላገኛችሁ ተስፋ ነውና በተስፋ ክሊክ አትግዙ።

ይኸው ሂሳብ ማስታወቂያው ለማን እንደማይሆንም ይነግራችኋል። ምግብ ቤት ያላችሁ አትቀየሙኝ። አንድ ተመጋቢ 6 ዶላር ቢያስተርፍና ከ20 ጠቅታ አንድ ሰው ቢመጣ የክሊኩ ዋጋ 30 ሳንቲም ነው። 30 ሳንቲም ይዞ በዚህ ከተማ ጨረታ መግባት ከባድ ነው። ለምሳ ገበያ ነፃው የጎግል ማፕ ምዝገባ ይሻላችኋል፤ ትክክለኛ የሥራ ሰዓት፣ ጥሩ ፎቶ፣ ለደንበኞች አስተያየት በወቅቱ መልስ። የሠርግና የድግስ ኬተሪንግ ግን ሌላ ነው። አንድ ድግስ 600 ዶላር ቢያስተርፍና ከ50 ጠቅታ አንድ ቢታዘዝ ክሊኩ 12 ዶላር ያወጣል። ኩሽናው አንድ ነው፣ ወጡ አንድ ነው፤ የክሊኩ ዋጋ ግን ከ30 ሳንቲም እስከ 12 ዶላር ይራራቃል። የመኪና አደጋ ጠበቆች ለአንድ ክሊክ ከመቶ ዶላር በላይ ሲከፍሉ የምታዩት በገንዘብ ስለሚጫወቱ አይደለም። አንድ ጉዳይ ምን እንደሚያስገባላቸው ስለሚያውቁ ነው።

እንግዲህ ዋጋችሁን አወቃችሁ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው "ምን ገዛን?" የሚለው ነው። ጎግል አድስ ውስጥ ሰዎች የጻፏቸውን ቃላት የሚያሳይ ሪፖርት አለ። እናንተ ከመረጣችሁት ቁልፍ ቃል ጋር አታምታቱት። ይህኛው ሰውዬው በእጁ የጻፈው ነው። እናንተ "ደለስ ኤርፖርት ካር ሰርቪስ" የሚለውን መርጣችሁ ሪፖርቱን ስትከፍቱ እንዲህ ያለ ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ፦ "ደለስ ኤርፖርት ፓርኪንግ"፣ "ሊሞ ድራይቨር ጆብስ"፣ "ኡበር ስልክ ቁጥር"፣ "ከደለስ ዲሲ ባቡር"፣ "ዩዝድ ሊሙዚን ፎር ሴል"። መኪናውን ለማቆም የፈለገው፣ ሥራ የሚፈልገው፣ ባቡር የሚፈልገው፣ አሮጌ ሊሙዚን የሚገዛው፣ ሁሉም እያንዳንዳቸው 4 ዶላራችሁን ይዘው ሄደዋል።

ይህ የሚሆነው ጎግል ቃላችሁን ካልከለከላችሁት በስተቀር በሰፊው ስለሚተረጉመው ነው። ሰፊ፣ በሐረግ፣ በትክክል የሚባሉ ሦስት የማዛመጃ ዓይነቶች አሉ። ሳትነኩት የምታገኙት ሰፊውን ነው። "በትክክል" የሚለውንም ቃል በቃል አትመኑት፤ ከ2018 ወዲህ ያው ትርጉም ነው ብሎ ያመነበትን ሌላ አገላለጽም ይጨምራል። መድኃኒቱ የማትፈልጓቸውን ቃላት መዝግቦ መከልከል ነው፦ "ፓርኪንግ"፣ "ጆብስ"፣ "ሳላሪ"፣ "ፎር ሴል"፣ "ፍሪ"። ይህ ዝርዝር በአንድ ቀን አያልቅም። ያልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው፣ ሪፖርቱን በመጀመሪያው ወር በየሁለት በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ማገላበጥ ነው።

ቃሉ ትክክል ሆኖም ፍላጎቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። "ኢትዮጵያን ኮፊ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ምን ፈልጎ ነው? የቡና ታሪክ የሚያነብ ተማሪ ይሆናል፣ የጀበና አፈላል ማየት የሚፈልግ ይሆናል፣ ቅርብ ያለ ካፌ የሚፈልግ ይሆናል፣ አንድ ኪሎ የይርጋ ጨፌ ቡና የሚገዛ ይሆናል፣ ጥሬ ቡና በጆንያ አስጭኖ የሚቆላ ነጋዴም ይሆናል። ቡና ቆልታችሁ በፖስታ የምትልኩ ከሆነ ገዢያችሁ ከነዚህ አንዱ ብቻ ነው። "ዪርጋቸፌ ሆል ቢን ኦንላይን" ብሎ የጻፈው ሰው በቁጥር ያንሳል፤ የመጣው ግን ካርዱን ይዞ ነው።

ቀጥሎ ሳይነኩ ስለሚቀሩ ምርጫዎች። አዲስ ማስታወቂያ ስትከፍቱ ቀድሞ የተሞላላችሁ ሁሉ የተሞላው ለእናንተ ጥቅም ነው ብላችሁ አትቀበሉ። ቦታን ተመልከቱ። የተለመደው ምርጫ በመረጣችሁት አካባቢ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ፍላጎት ያሳዩትንም ይጨምራል። ዲሲ ውስጥ ሆቴል ላለው ሰው ይህ መልካም ነው፤ ሌላ አገር ሆኖ ስለ ዲሲ የሚፈልገው እንግዳው ሊሆን ይችላልና። ሲልቨር ስፕሪንግ የሕፃናት ማቆያ ላላት እህታችን ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ሜሪላንድ የሚያነብ ሰው ልጁን አያመጣላትም። በአካል አካባቢው ላይ ያሉትን ብቻ ወደሚለው መለወጥ አለባት።

የፍለጋ ማስታወቂያችሁ በሌሎች ድረ ገጾች ላይም እንዲታይ የሚፈቅዱ ምልክቶችም አሉ፤ ፍለጋ ብቻ ልትገዙ ከመጣችሁ አንሷቸው። ጎግል የራሱን ምክር በራሱ እንዲተገብር የሚፈቅድ ምርጫም አለ፤ ምን እንደሚለውጥ ሳታውቁ አትፍቀዱ። የቀን በጀቱንም እወቁት። በቀን 30 ዶላር ብላችሁ ብትሞሉ በአንድ ቀን እስከ እጥፉ፣ እስከ 60 ዶላር ሊያወጣ ይችላል፤ ገደቡ የሚሠራው በወር ነው፤ የቀኑ በጀት በ30.4 ሲባዛ፣ ማለትም 912 ዶላር።

የጎግል ሠራተኛ ደውሎ በጀት ጨምሩ ሲላችሁ በትሕትና ስሙት፤ ውሳኔውን ግን በመዝገባችሁ ስጡ። እሱ ሻጭ ነው፣ እናንተ ገዢ ናችሁ። በነሐሴ 2024 እዚሁ ዋሽንግተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አሚት ሜህታ ጎግል በፍለጋና ከፍለጋ ውጤት ጋር በሚወጡ የጽሑፍ ማስታወቂያዎች ላይ ያለውን ሞኖፖሊ በሕገ ወጥ መንገድ አስጠብቋል ሲሉ ፈርደዋል። የእነዚህን ማስታወቂያዎች ዋጋ ተፎካካሪ ይቀማኛል የሚል ብርቱ ስጋት ሳይኖርበት ማሳደግ መቻሉም በፍርዱ ተጽፏል። ጨረታው ላይ ብቻችሁን የመደራደር አቅም የላችሁም ማለት ነው። ያላችሁ አቅም አንድ ነው፤ ከዋጋችሁ በላይ አለመግዛት።

ይህን ለማድረግ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ዛሬ ጨረታውን በአብዛኛው የሚጫረትላችሁ ማሽን ነው፤ ማሽኑ የሚማረው እናንተ "ይህ ውጤት ነው" ብላችሁ ከነገራችሁት ነው። "አድራሻችን" የሚለውን ገጽ የከፈተውን ሁሉ እንደ ደንበኛ ብትቆጥሩለት፣ ያንን ገጽ ከፍተው የሚሄዱ ሰዎችን በርካሽ ፈልጎ ያመጣላችኋል። ታዛዥ ነውና አትፍረዱበት። የሚቆጠረው ለገንዘብ የቀረበው ነገር ይሁን፦ የተያዘ ጉዞ፣ የተከፈለ ቅድመ ክፍያ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ የቆየ የስልክ ንግግር። የሚቻላችሁ ደግሞ የትኛው ጥሪ ወደ ሽያጭ እንደተለወጠ ከነትርፉ መልሳችሁ ለማሽኑ አስገቡለት። አዛውንቶችን የሚንከባከብ ድርጅት ያላችሁ ይህ ከማንም በላይ ይመለከታችኋል፤ ዛሬ የደወለው ቤተሰብ ውል የሚፈርመው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላልና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። ማስታወቂያውን ተጭኖ የገዛው ሰው ማስታወቂያው ባይኖርስ አይመጣም ነበር ወይ? ኢቤይ ይህን በ2012 ሞክሮታል። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታዴሊስ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት የመሩት ሙከራ ነው፤ ጥናቱ በ2015 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። መጀመሪያ "ኢቤይ" የሚለውን የራሱን ስም ለሚፈልጉ ሰዎች የሚከፍለውን ማስታወቂያ በአንዳንድ መፈለጊያዎች ላይ አቆሙት። ከቀረው ጠቅታ 99.5 ከመቶው በነፃው ውጤት በኩል ተመልሶ መጣ። ኢቤይ ሲከፍል የነበረው በር ላይ ቆመው ለነበሩ ሰዎች ነበር ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ስሙ የሌለባቸውን የዕቃ ቃላት ማስታወቂያ ከአሜሪካ የገበያ ክልሎች ሲሶ ገደማ በሚሆኑት ለ60 ቀናት አቆሙ። በሽያጭ ላይ የታየው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነበር፤ ከማስታወቂያው የሚገኘው ከወጪው በታች ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሰምታችሁ ነገ ማስታወቂያችሁን እንዳትዘጉ። ከጥናቱ ውስጥ ለእናንተ የሚበጀው ሌላኛው ግኝት ነው። ማስታወቂያው ያልለወጠው ኢቤይን የሚያውቁትን፣ ደጋግመው የሚገዙትን ነው። አዲሶቹንና አልፎ አልፎ የሚመጡትን ግን አምጥቷል። ኢቤይን አገር ያውቀዋል። የእናንተን ሊሞ ግን ገና ብዙ ሰው አያውቀውም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለማያውቋችሁ ሰዎች አውሉት። በራሳችሁ ስም ለሚፈልጋችሁ ሰው መክፈል ካለባችሁ ምክንያቱ አንድ ይሁን፤ ተፎካካሪ በስማችሁ ላይ ማስታወቂያ እየገዛ ከበራችሁ ሲወስድባችሁ።

በአቅማችሁም መሞከር ትችላላችሁ። ማስታወቂያውን በፌርፋክስ ካውንቲ አቁማችሁ በሞንጎመሪ ቀጥሉና ከሁለቱም የሚመጣውን ጠቅላላ ሥራ በመዝገብ አወዳድሩ። በሳምንት አሥር ጥሪ ብቻ የሚመጣለት ቤት ከሁለት ሳምንት ሙከራ ፍርድ አይስጥ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን አጋጣሚ ያሳስታል፣ ረዘም አድርጎ ማየት ይገባል። ጎን ለጎን እያንዳንዱን ደዋይ "እንዴት አገኙን?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት።

የመጨረሻው ነጥቤ መቼ ማቆም እንደሚገባ ነው። አትርፋችሁ ስታበቁ የሚመጣው ፈተና መጨመር ነውና። በወር 300 ዶላር አውጥታችሁ 15 ጉዞ አገኛችሁ እንበል። 15 ጊዜ 30፣ 450፤ ከወጪው ተርፎ 150 ዶላር አተረፋችሁ። በጀቱን ወደ 600 አሳደጋችሁት፣ ጉዞው 22 ሆነ። አማካዩን ብታወጡ አንድ ጉዞ በ27 ዶላር ተገኘ፤ ከ30 በታች ነውና "አሁንም ያዋጣል" ትላላችሁ። ግን 22 ጊዜ 30፣ 660፤ ሲቀነስ 600፤ የቀረው 60 ዶላር ነው። ሥራው ጨመረ፣ ሹፌሩ ደከመ፣ ትርፉ ከ150 ወደ 60 ወረደ። ምክንያቱም የተጨመሩት 7 ጉዞዎች 300 ዶላር ፈጅተዋል፤ እያንዳንዳቸው ወደ 43 ዶላር። ርካሹ ክሊክ ቀድሞ ይሸጣል፤ በጀት ሲያድግ የሚገኘው ውዱ ነው። ስለዚህ በጀት በጨመራችሁ ቁጥር የምትጠይቁት "በአማካይ ስንት ወጣ?" ብላችሁ አይሁን። "ይህ የጨመርኩት ገንዘብ ብቻውን ምን አመጣ?" በሉ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ቁጥሮችን ከመዝገባችሁ አውጡ፦ ከአንድ ሽያጭ ወጪ ሁሉ ተነስቶ የሚተርፈውን፣ ከሚደውል ወይም ድረ ገጻችሁን ከሚጎበኝ መቶ ሰው የሚገዛውን፣ ከገዙት መካከል ባለፈው ዓመት በእርግጥ የተመለሱትን። እነዚህን የያዘ ሰው ጨረታው ፊት ሲቀርብ "እስከዚህ ድረስ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድም" ማለት ይችላል። ማስታወቂያ የሚያሠራችሁ ባለሙያ ካለም እነዚህን ቁጥሮች ይጠይቃችሁ እንደሆነ እዩ። ሳይጠይቅ ሥራ የጀመረ ባለሙያ በምን መለኪያ አትራፊ ሊያደርጋችሁ ነው?

ከእናንተ መካከል አስልቶ "ለእኔ ሥራ አያዋጣም" የሚል ይኖራል። እሱም ዛሬ አትርፏል፤ ያን ገንዘብ ለተሻለ ገጽ፣ ለስልክ ተቀባይ፣ ወይም ለነባር ደንበኞቹ ያውለዋል። "ያዋጣል" የሚል ደግሞ እስከ ስንት እንደሚያዋጣው አውቆ ይግባ፤ ቁጥሩ ሲለወጥም ለመውጣት አያመንታ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ በእናንተ እንጀምራለን።